መንግሥት ለማን ምን ሰጠ? ዝርዝሩ በስም ይውጣ ወይስ አይውጣ?

ይውጣ

በአዲስ አበባ ከሃያ ሁለት እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ሰሚት የሚሄድ ሰው በየመንገዱ ዳር በቆርቆሮ የታጠረ ቦታ ያያል። አንዱ የእምነት ተቋም ነው፣ ሌላው የበጎ አድራጎት ድርጅት፤ የአንዳንዱን ባለቤት ጎረቤቱም አያውቅም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ለእምነት ተቋማት ማምለኪያና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለሚመሩ የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማት ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ እንዲሰጥ ፈቅዷል። ይህን አልቃወምም። አረጋውያንን የሚጦር ድርጅት ቦሌ ላይ ከሪል እስቴት ባለሀብት ጋር በጨረታ ተወዳድሮ መሬት ሊያገኝ አይችልም። ነገር ግን በምደባ የተሰጠ መሬት ከካዝና ወጥቶ ከተሰጠ ብር አይለይም። ማን፣ ስንት ካሬ ሜትር፣ ለምን ዓላማ፣ በማን ውሳኔ እንደተቀበለ ለነዋሪው የማይነገርበት ምክንያት አይታየኝም።

ዝምታው ምን እንደሚያስከፍል ቦሌ ክፍለ ከተማ አይቶታል። በጥር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ይዞታው አወዛጋቢ በሆነ ቦታ ላይ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ለማፍረስ ፖሊስ በሌሊት ሲገባ የሰው ሕይወት ጠፋ። ቦታው ተፈቅዷል ወይስ አልተፈቀደም የሚለው ጥያቄ በቀን ብርሃን፣ ማንም ከፍቶ በሚያየው መዝገብ መመለስ ነበረበት። ከዓመት በኋላ፣ በጥር 2013 ዓ.ም.፣ የከተማ አስተዳደሩ ባካሄደው ጥናት ከ1,300 ሔክታር በላይ መሬት በሕገ ወጥ መንገድ መያዙን ራሱ ይፋ አደረገ። ይህን መናገሩ የሚያስመሰግነው ነው፤ ግን የሰማነው መሬቱ ከተወሰደ በኋላ ነው። መዝገቡ ክፍት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው አጥር ሲታጠር የሰፈሩ ሰው ወረዳው ድረስ ሄዶ በጠየቀ ነበር።

መንግሥት የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ጉዳይም ያው ነው። በመንግሥት በጀት የሚተዳደሩ የእግር ኳስ ክለቦች ለተጫዋች የሚከፍሉት ከልክ አልፎ፣ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ክለቦቹና ፌዴሬሽኑ የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺሕ ብር እንዲሆን ተስማሙ። ለየትኛው ክለብ ከሕዝብ ካዝና ስንት እንደሚሄድ በየዓመቱ ቢታተም ኖሮ ነገሩ እዚያ ሳይደርስ ጠያቂ ያገኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሕግ አልጎደለንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጠው፣ ተቋማትም ሳይጠየቁ መረጃ እንዲያትሙ ይላል። ካናዳ ከ25 ሺሕ ዶላር በላይ የሆነውን የፌዴራል ድጋፍ ሁሉ ከነተቀባዩ ስም ታወጣለች። እኛ ለምን አንችልም?

አይውጣ

ባልደረባዬ ስለ ሃያ ሁለቱ ሌሊት የጻፉትን አንብቤ ሐዘናቸውን ተጋርቻለሁ። የማልስማማው በመድኃኒቱ ነው። የስም ዝርዝር እንዴት እንደሚነበብ የሚወሰነው በአገሩ ታሪክ ነው፤ የእኛ ታሪክ ደግሞ የካናዳን አይመስልም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ድርጅቶችን በገንዘባቸው ምንጭ ከፋፈላቸው። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ተከለከለ፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅት የሆነው የኢሰመጉ የባንክ ሒሳብም ታገደ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ቀየረው፣ ተስፋም አደረግን። ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ኢሰመጉን ጨምሮ የመብት ድርጅቶች በተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ታገዱ፤ እገዳው የተነሳው ኋላ ነው። በእንዲህ ያለ አገር መንግሥት «እነዚህን ደገፍሁ» ብሎ ስም ሲዘረዝር፣ ከዝርዝሩ የገባው «ተለጣፊ» ይባላል፣ ያልገባው በተቃዋሚነት ይጠረጠራል። ሁለቱም ሥራቸውን የሚሠሩት በሕዝብ አመኔታ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች የሚያስጠልሉ ቤቶች አሉ። በቦታ ምደባ ዝርዝር ላይ የድርጅቱ ስም ከሰፈሩና ከካሬ ሜትሩ ጋር ሲወጣ፣ ሚስቱን የሚያሳድድ ሰው የት እንደሚጠብቃት ያውቃል።

አሜሪካ የድጋፍ ተቀባዮቿን በስም ማውጣት የጀመረችው በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው። በ2025 መጀመሪያ የውጭ እርዳታዋ ሲቋረጥ ከዚያው ግልጽ መረጃ ስሞችና ድምሮች እየተመዘዙ ያለ ማብራሪያ ለዘለፋ ዋሉ። በዚያ እርዳታ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ።

ቁጥጥር ይኑር። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለምክር ቤት፣ የከተማው ዋና ኦዲተርም ለከተማው ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባሉ። ድርጅቶች የኦዲት ሪፖርታቸውን ለባለሥልጣኑ ያስገባሉ። ይህ ይጠናከር፤ ድምሩ በዘርፍ ይታተም፤ ስሙ ለተመራጮች ይቅረብ።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

የመጠለያ ቤቶቹን ጉዳይ ያለ ክርክር እቀበላለሁ፤ አድራሻቸው በምንም ዝርዝር ላይ አይውጣ። ስለ ተለጣፊነት ግን ባልደረባዬ የፈሩት ነገር ዛሬም አለ። ለማን ምን እንደተሰጠ ሰው በሹክሹክታ እየተቀባበለው ነው፤ ሹክሹክታ ደግሞ ይግባኝ የለውም። የታተመ ስሕተት ግን ይታረማል። ኦዲተሩም የሚደርሰው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው። የቦሌ ክፍለ ከተማና በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተቋቋመው የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በምደባ የሰጡትን ቦታ፣ የተቀባዩን ስም፣ ስፋቱንና ዓላማውን ጽፈው በየወረዳው ሰሌዳ ይለጥፉ። ጥያቄዬ ከዚህ ይጀምራል።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

በመሬቱ ተረትቻለሁ፤ ከመጠለያዎቹ በቀር ይለጠፍ። መሬት የሁላችንም ነው፣ አጥሩንም በዓይናችን እናየዋለን። የገንዘብ ድጋፉን ግን ሰጪው ራሱ መርጦ፣ ራሱ ዘርዝሮ፣ ራሱ እስካወጣው ድረስ አልቀበልም። ዝርዝሩን የሚይዝ፣ ከአስፈጻሚው የተለየና ለምክር ቤት ብቻ የሚጠየቅ አካል ይቋቋም። እርሱ ሲቋቋም ከባልደረባዬ ጎን እቆማለሁ፤ እስከዚያ ግን አቋሜ አይውጣ የሚለው ነው።