የጤና በጎ ፈቃድ አገልግሎትና የተማሪው የሙያ ጉዞ፤ ከእንጦጦ አንፃር

ከስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተነስቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ ለሚጓዝ ሰው እንጦጦ ሩቅ አይደለም። በተራራው ግርጌ በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የታወቀው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፣ ከፍ ሲልም ፈውስ ፍለጋ ከየአገሩ የሚመጡ ሕሙማን የሚጠመቁበት የእንጦጦ ማርያም ፀበል ይገኛል። በጤና በጎ ፈቃድ አገልግሎት ለሚሰማራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የመማሪያ ሥፍራ ማግኘት አዳጋች ነው።

ተማሪን ወደ ኅብረተሰቡ የማሰማራት ልምድ ለአገራችን አዲስ አለመሆኑ ይታወቃል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በጤና ጣቢያዎች ያሠለጥን ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ አድርጓል። ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርትን መሠረቱ ያደረገው የጅማ ተቋም ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ ተመሥርቷል። ይሁንና እነዚህ ሁሉ ግዴታ ነበሩ፤ ውጤት ይያዝባቸዋል። በጎ ፈቃደኛው ግን ማርክ የሚሰጠው የለም። በመሆኑም ተማሪው ለየትኛው ሙያ እንደሚሆን ራሱን የሚያውቀው ይበልጡን በዚህኛው አገልግሎት ነው ማለት ይቻላል።

የእንጦጦ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ቢጀምርም፣ ፀበል ከያዙ በኋላ መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ ሕሙማን ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስታወቁ። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ችግሩ የመረጃ እጥረት ብቻ እንዳልነበረ ነው፤ ሕሙማኑ ይጠብቁ የነበረው ከሚያምኑት ሰው የሚመጣ ቃል ነበር። በራሪ ወረቀት ይዞ ለማስተማር የሚወጣ ተማሪ ይህን ሲረዳ አስቀድሞ መጠየቅን፣ ምሥጢር መጠበቅን፣ ጎረቤት በሚሰማበት ደጃፍ ስለ በሽታ አለማውራትን ይለማመዳል። ሐኪምም ሆነ የሕግ ወይም የሒሳብ ባለሙያ ቢሆን፣ ነገ ባለጉዳይ ፊት ሲቀመጥ የሚጠቅመው ይኸው ልማድ ነው።

ችግሩ ያለው አገልግሎቱን በምናቅድበትና በምንመዝንበት መንገድ ላይ ነው። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ቢበዛ ሁለት ወር ገደማ ይቆያል። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ግን ስድስት ወር ይፈጃል። መድኃኒት የተላመደው ዓይነት ሕክምና በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በ2001 ዓ.ም. ሲጀመር እስከ ሁለት ዓመት የሚወስድ ነበር። የተተከለ ችግኝና የታደሰ ቤት በአንድ ቀን ተቆጥሮ ሪፖርት ይደረጋል፤ አንድ ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ መከታተል ግን ለፎቶግራፍም ለቁጥርም አይመችም። (ሪፖርት አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን አይስተውም።) በዚህ ምክንያት ተማሪውን አብዝቶ የሚለውጠው ሥራ በዕቅድ ውስጥ አነስተኛውን ሥፍራ ይይዛል።

በቅጥር በኩልም ተመሳሳይ ክፍተት ይታያል። በክረምቱ መዝጊያ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ሁለት ቀን የመጣውንና ሁለት ወር የለፋውን አይለይም። ለሥራ ልምድ የሚታሰበውም በተለምዶ ከምረቃ በኋላ ያለው አገልግሎት ነው። ጤና ጣቢያው ተማሪው የሠራውን፣ የቆየበትን ጊዜና የተቆጣጣሪውን አስተያየት የያዘ አጭር መዝገብ ቢሰጥ ለቀጣሪው መሥሪያ ቤት ከምስክር ወረቀቱ የበለጠ ይነግረዋል፤ ወጪውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ተማሪን የባለሙያ ምትክ ማድረግ አይገባም። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ2002 ዓ.ም. ሲጀመር ለነርሶች መሰጠቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ክፍት የሥራ መደብ በነፃ ጉልበት ከተሸፈነ ተማሪውም ተመርቆ የሚቀጠርበትን ቦታ ያጣል። የተማሪው ድርሻ ከባለሙያዋ ጎን ሆኖ ቤት ለቤት መከታተልና ያቋረጠውን ፈልጎ መመለስ ነው። ስለሆነም የክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤትና ዩኒቨርሲቲዎች ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሊስማሙበት የሚገባው ቀዳሚ ጉዳይ፣ መስከረም ሲጠባ ተማሪው ወደ ትምህርቱ ሲመለስ ይከታተለው የነበረውን ሕመምተኛ ማን በስም ተረክቦ እንደሚቀጥል ነው።