ደብረ ብርሃን ሰማይ ላይ የታየው ብርሃን የማን ነው?

የኔትፍሊክሱ «ስሪ ቦዲ ፕሮብለም» ቀጣይ ሲዝን በጉጉት እየተጠበቀ ነው። የመጀመሪያውን ያየ ሰው አንዷን ሌሊት አይረሳትም፤ የሰማይ ከዋክብት በሙሉ ጠፋ በራ፣ ጠፋ በራ ያሉባትን። ድራማው ከቻይናዊው ሊዩ ሲሺን ልቦለድ የተወሰደ ነው። ልቦለዱ ላይ ግን ብልጭታው በሳይንስ መሣሪያና በልዩ መነጽር ካልሆነ አይታይም። አዘጋጆቹ መነጽሩን ጣሉትና ምልክቱን ዓለም ሁሉ በዓይኑ እንዲያየው አደረጉ። በዚህም ጥያቄው «ምን ታየ?» መሆኑ ቀርቶ «የታየውን ማን ይተርጉመው?» ሆነ።

ይህ ጥያቄ ለሰሜን ሸዋ አዲስ አይደለም። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከእንዲህ ዓይነት ምልክት ነው።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በስፍራው ሳሉ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቤተ መንግሥታቸውንም እዚያው ተከሉ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ብርሃኑ በ1448 ዓ.ም. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ብለው ይገምታሉ። ይህ ኮከብ በየ76 ዓመቱ ገደማ ይመለሳል፤ ቀጣይ ቀጠሮው 2053 ዓ.ም. ነው። ለአንድ ጥሩ ደራሲ ይህ ብቻውን ግማሽ መጽሐፍ ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ይከብዳል። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚለው ብርሃኑ የታየው፣ ለእመቤታችንና ለመስቀል አንሰግድም ብለዋል የተባሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ በዚያው ስፍራ በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ ነው። ቤተ መንግሥቱ ምልክቱን የፍርዱ ማጽደቂያ አድርጎ ተረጎመው። የተወገሩት ወገኖችስ? የእነሱም ገድሎች አሉ፤ የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፤ በሕግ አምላክ» በሚለው መጽሐፋቸው ለአማርኛ አንባቢ አቅርበዋቸዋል። አንድ ብርሃን፣ ትርጉሙን የያዘ ንጉሥ፣ የማይስማሙ ሙታን። ድራማ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ፕሮዲውሰሮች መልሳቸው የታወቀ ነው፦ «ሳይንስ ፊክሽን ገንዘብ ይበላል»። በ2007 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው «ክራምብስ» ግን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በዳንኤል ታደሰና በሰላም ተስፋዬ ተዋናይነት፣ በአነስተኛ በጀት ተሠርቷል። ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ መንኮራኩርና የአገሩ መልክዓ ምድር በቂ ነበሩ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊ መሆኑ ነው የሚቆጨው። የአንኮበር ጉም ደግሞ ኪራይ አይጠየቅበትም።

እውነተኛው ፍርሃት ሌላ ነው፤ የሃይማኖት ጉዳይ መንካት። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ግን ድራማው ተአምር ነው ወይስ ኮከብ ብሎ መፍረድ የለበትም። በ«ስሪ ቦዲ»ም ቢሆን ከሰማይ የመጣውን «ጌታችን» ብለው የተቀበሉና ጠላት ነው ያሉ ሰዎች ናቸው የሚፋጠጡት፤ ተመልካቹን የያዘው ይኸው ነው።

ደብረ ብርሃን ዛሬ በቴሌቪዥን የምትታየው ወይ ፋብሪካ ሲመረቅባት ወይ ተፈናቃይ ሲጠለልባት ነው። የከተማዋ ልጅ ስለ ነገ የሚያስብ ድራማ ሲያምረው የቤጂንግንና የለንደንን ሰማይ ያያል።

የጎደለው ካሜራ ሳይሆን ልቦለዱ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለማስታወቂያና ለመዝናኛ ውድድር ከሚያወጡት ላይ ቀንሰው ለአንድ ደራሲ የሁለት ዓመት ደመወዝ ቢከፍሉ መጽሐፉም ድራማውም ይገኛል። እስካሁን ግን የለመዱት ሕዝብ አስቀድሞ የወደደውን መጠበቅ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው፤ የቴሌቪዥን ድራማ ለመሆን ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀበት። ዛሬ የሚጻፍ ልቦለድም ያን ያህል ከቆየ ኮከቡ መጥቶ ይመለሳል።