ስኔሩን ሳይሰሙ መጭመቅ

የስኔር ከበሮ ምት ወጣ ገባ ከሆነ ኮምፕረሰሩን ጠበቅ ማድረግ፣ እሱም ካልበቃ ሁሉንም ቀድሞ በተቀዳ የምት ናሙና መተካት በቂ ነው የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጊዜ የሚቆጥብ ምክር ነው፤ ዘፈኑን ግን ያበላሻል።

ለስላሳ ምት የጠንካራው ትንሽ ቅጂ አይደለም። ቃናው ራሱ ሌላ ነው፤ ዱላው ጠርዙን ካልነካ ያ ስል «ጧ» የለም። ኮምፕረሰር የጮኸውን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ያልተመታውን «ጧ» ከየት ያመጣል? ከዚያ ሁሉንም ከፍ ሲያደርጉት አብሮ የሚነሳው በስኔሩ ማይክ የገባው የሃይ-ሃት ድምፅ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ሞክሬው፣ በምቶቹ መካከል እንደ መጥበሻ ይንጫጫ ጀመር።

አሁን የማደርገው አሰልቺ ነው፦ ከኮምፕረሰሩ በፊት የደከሙትን ምቶች አንድ በአንድ ቆርጬ 2 ወይም 3 ዴሲቤል አነሳለሁ። (ሻይ አስቀርቡ፤ ይረዝማል።) ናሙና ካስፈለገም ከዚያው ቅጂ ጥሩ ምት መርጬ ከሥር እደርባለሁ፤ ሞገዶቹ ካልገጠሙ ድምፁ ይሳሳልና አጉልቼ አያለሁ። ሁሉንም ተኩ ባዩ ደግሞ ከከበሮው በላይ የተሰቀሉትን ማይኮች ረስቷል፤ የደከመው ምት እዚያም ተቀድቷል።

ለመሆኑ ደካማ ምት ሁሉ ስህተት ነው? ከበሮ መቺው ክላይድ ስተብልፊልድ በ1969 እ.ኤ.አ. ከጄምስ ብራውን ጋር «ፋንኪ ድራመር»ን ሲቀዳ፣ ግሩቩን የተሸከሙት በዋናዎቹ ምቶች መካከል የሚሾልኩት ቀጫጭን ምቶች ነበሩ። ጸሐፊያችን ቢያገኛቸው እኩል ያደርጋቸው ነበር።