ያልተጻፈው የአጥቢያችን ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላትና ምእመናን፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ብዙዎቻችን የምንመለሰው በውኃው ዳር የተነሣነውን ፎቶግራፍ ይዘን ነው። ስለ ገዳሙ ብንጠየቅ ግን «ጥንታዊ ነው» ከማለት አናልፍም። ይህ በአባቶች ድካም መመካት እንጂ ታሪክን መውደድ አይደለም።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ሐይቅ ሲመጡ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሞ ነበረ። እርሳቸው ሥርዓተ ምንኵስናን አጸኑበት፤ ቦታውንም እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ትምህርት ቤት አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1280/81 ያስጻፉት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በውስጡ ሥዕላቸውና ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ይገኛሉ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግራኝ አሕመድ ጦር ሐይቅ ድረስ ዘልቋል፤ የተጻፈው ግን ተርፎ ዛሬ ይመሰክራል። መጻሕፍትን ቆጥሮ መመዝገብ ለእነዚያ አባቶች አደራን መጠበቅ ነበር።

እኛስ? የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን መቼ እንደተተከለ ሦስት አረጋውያንን ጠይቄ ሦስት የተለያዩ ዓመታት ነገሩኝ። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ እነርሱ የሚያስታውሱትን ሰጥተውኛል። ጥፋቱ ጠይቀን ያልጻፍነው የእኛ ነው።

«ታሪክ መጻፍ የሊቃውንት ሥራ ነው» የሚሉ አሉ። ሊቃውንቱስ ማስረጃውን ከየት ያገኛሉ? «ትንሽ አጥቢያ ምን ታሪክ አላት?» የሚሉም አሉ። የተጠመቅንባት፣ የቈረብንባት፣ ወላጆቻችን ያረፉባት ቦታ ታሪክ ከሌላት የማን ታሪክ አለ? «እግዚአብሔር ያውቀዋል» የሚለው መልስ ደግሞ መንፈሳዊ ይመስላል እንጂ ስንፍናን መሸፈኛ ነው። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ እግዚአብሔር ያውቀዋል ብሎ አልተወም፤ በዓይን ያዩት ያስተላለፉትን ሁሉ በጥንቃቄ ተከታትሎ በተራው ጻፈ (ሉቃ. 1፥1-4)።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሕዝባችን እንዴት እንደተበተነ አይተናል። በቃል ብቻ የሚኖር ታሪክ ከባለቤቱ ጋር ይሰደዳል፤ ከባለቤቱም ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ እንጀምር። በሰበካ ጉባኤው ፈቃድ አንድ መዝገብ ይከፈት። እያንዳንዱ ክፍል አንድ አረጋዊ ካህን ወይም አንዲት እናት ይጠይቅ፦ ቦታውን ማን ሰጠ? ታቦቱ መቼ ገባ? መጀመሪያ የቀደሱት ካህናት እነማን ነበሩ? ቃላቸው ቢለያይም እንደተናገሩት፣ ከተናጋሪው ስምና ከቀኑ ጋር ይጻፍ። አንዱ ቅጅ በአጥቢያው፣ ሌላው በሀገረ ስብከቱ ይቀመጥ።

ያን ጊዜ ወደ ሐይቅ ስንሄድ የአባቶቻችን ተመልካቾች ብቻ ሳንሆን ልጆቻቸው ሆነን እንሄዳለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።