ሞላው የሚጠነክረው ለማን ነው?

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለትውልድ ወረዳቸው አምቡላንስ ለመግዛት ሲሰባሰቡ፣ ስለ መኪናው የሚደረገው ውይይት ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው፤ «የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ያለውን ጠንካራ ሞላ አድርጉበት።» ማንም አይቃወምም። ገንዘቡ ይላካል። ሎንግ ቤዝ ላንድክሩዘሩ ዱባይ ወይም ሻርጃ ካለ ጋራዥ ገብቶ የበሽተኛ አልጋ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር መያዣ፣ መብራትና ጣሪያ ላይ የዕቃ መጫኛ ይገጠምለታል፤ የፊት ሞላውና የኋላ ባሌስትራው «ለከባድ ጭነት» በሚባለው ይቀየራል። ከዚያም ፎቶግራፉ ለአባላት ይደርሳል። በፎቶግራፉ ላይ መኪናው ከቀድሞው ከፍ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

ይህ ውሳኔ ስህተት ነው። በቅንነት የሚፈጸም መሆኑ ስህተትነቱን አይቀንሰውም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ስብሰባው ላይ ያልነበረ ሰው ነውና።

ለስህተቱ በር የሚከፍተው በከፊል ቋንቋው ነው። «ጠንካራ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ጠባዮችን፣ አለመሰበርንና አለመታጠፍን፣ በአንድ ጆንያ ይከታል። ለግድግዳ ሁለቱ ቢቀላቀሉ ጉዳት የለውም። የሞላ ሥራው ግን መታጠፍ ነው። የሞላ ልክ ማለት ሞላውን አንድ ሚሊሜትር ለመጨመቅ የሚያስፈልገው ኃይል ነው፤ ቁጥሩ ስለ ግትርነቱ እንጂ ስለ ብረቱ ጥራትም ሆነ ስለ ዕድሜው የሚናገረው የለም። ግትር ሞላ ከመናኛ ብረት ሊሠራ፣ ለስላሳውም በደንብ ተሠርቶ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ኮሚቴው የማይሰበር ፈልጎ የማይታጠፍ ይገዛል።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይበጃል። በአንዱ የኋላ ጎማ ሞላ ላይ የሚያርፈው ክብደት 450 ኪሎ ነው እንበል፤ አሽከርካሪ፣ አንድ የጤና ባለሙያ፣ አንድ በሽተኛና አንድ አስታማሚ የያዘ መኪና መሆኑ ነው። ምቹ የሚባል የቤት መኪና በሞላው ላይ በሴኮንድ ከ1 እስከ 1.5 ጊዜ ይወዛወዛል። ለ450 ኪሎ በሴኮንድ 1.5 ጊዜ የሚያወዛውዘው ሞላ ልኩ በሚሊሜትር 40 ኒውተን ገደማ ነው። ኮሚቴው ያዘዘው ግን በዚያው ጎማ ላይ 850 ኪሎ ሊያርፍ ነው ተብሎ የተመረጠውን፣ በሚሊሜትር 75 ኒውተን የሆነውን ነው። ያ ጭነት በሌለበት ጉዞ ሁሉ ውዝዋዜው በሴኮንድ ከ2 ጊዜ ያልፋል። ጎማው 40 ሚሊሜትር ከፍታ ያላት ድንጋይ ላይ ሲወጣ፣ የመጀመሪያው ሞላ 1,600 ኒውተን ተጨማሪ ግፊት ወደ ላይ ይልካል፤ ሁለተኛው 3,000 ይልካል። በ450 ኪሎ ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ግፊት ከመሬት ስበት አንድ ሦስተኛውን ጥቂት ያልፋል፣ ሁለተኛው ሁለት ሦስተኛውን ያህላል። ድንጋይዋ አንዲት አይደለችም። በኮረኮንች መንገድ የሁለት ሰዓት ጉዞ በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ምቶች አሉት።

የኋላው ባሌስትራ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የላንድክሩዘር 70 ተከታታይ ሞዴል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፊት ጥቅል ሞላ ቢይዝም ከኋላ፣ በሽተኛው በሚተኛበት በኩል፣ ባሌስትራ ነው። በተደራረቡት ንጣፎች መካከል ፍትጊያ አለ፤ ትንንሽ ምቶች ፍትጊያውን ማሸነፍ ስለማይችሉ ባሌስትራው ሳይታጠፍ በቀጥታ ወደ ሻንሲው ያልፋሉ። ንጣፍ በተጨመረ ቁጥር ግትርነቱም ፍትጊያውም ይጨምራል። ጋራዡ «አጠናከርነው» የሚለው ይህንን ነው።

የሰው አካል ለዚህ ንዝረት ደንታ ቢስ አይደለም። አይኤስኦ 2631 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ የተቀመጠ ሰው ወደ ላይና ወደ ታች ለሚሄድ ንዝረት ይበልጥ የሚጎዳበትን ክልል በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ አድርጎ ይወስዳል። ግትር ሞላ የመንገዱን ንዝረት የሚያሳልፈው በተለይ በዚሁ ክልል ነው፤ በቀላሉ ሲሰላ የሞላው ልክ እጥፍ ሲሆን ወደ አካል የሚደርሰው ንዝረትም ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጭኑ የተሰበረ ሰው ይህን ለመረዳት መለኪያ አያሻውም። ምጥ የያዛት እናትም እንደዚያው። በዚያ አልጋ አጠገብ ተንበርክኮ ደም ሥር የሚፈልግ ነርስም ከሁሉ በፊት የሚለምነው መኪናው እንዲቆምለት ነው፤ መኪናው ሲቆም ደግሞ አምቡላንስ የተገዛበት ምክንያት፣ ጊዜው፣ ያልፋል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው የንዝረት መመሪያ ሠራተኛን ከዚህ ይጠብቃል፤ ለመላ አካል ንዝረት በ8 ሰዓት ተሰልቶ አሠሪው እርምጃ መውሰድ የሚጀምርበት ልክ 0.5፣ የማይታለፈው ደግሞ 1.15 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ነው። ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ተቀምጦ «ያለውን ጠንካራ ሞላ» የሚያዝ የኮሚቴ አባል፣ የቁፋሮ ማሽን ነጂ ቢሆን ኖሮ በዚህ ሕግ ይጠበቅ ነበር። በሽተኛው ሠራተኛ ስላልሆነ በዚያ መመሪያ ውስጥ ስፍራ የለውም፤ ወረዳው ደግሞ ከመመሪያው ክልል ውጭ ነው።

ታዲያ አስተዋይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ መሐንዲሶችና ሐኪሞች የሆኑበት ስብስብ፣ ለምን በተደጋጋሚ እዚህ ይደርሳል? መልሱ ያለው በሂሳብ መዝገቡ ውስጥ ነው። የተሰበረ ባሌስትራ ደረሰኝ አለው። ፎቶግራፍ ይነሣል፣ በቴሌግራም ይላካል፣ በዓመታዊው ስብሰባ ላይ «ገንዘባችን የት ገባ?» ያስብላል። የበሽተኛው ሥቃይ ደረሰኝ የለውም። ቤንግት ሆልምስትሮምና ፖል ሚልግሮም በ1991 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ አንድ ሰው ብዙ ሥራ ተሰጥቶት ከመካከላቸው የሚለካው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ጥረቱ ሁሉ ወደሚለካው ይፈስሳል፤ የማይለካው ይራቆታል። ኮሚቴው፣ አቅራቢውና ጋራዡ ሦስቱም የሚመዘኑት መኪናው በመቆሙ ወይም ባለመቆሙ ነው። በላዩ የተጫነው ሰው እንዴት እንደደረሰ የሚመዝን የለም። ስለዚህ ግትሩን ሞላ መምረጥ ለሦስቱም የሚያዋጣ ውሳኔ ነው፤ ስንፍና ብሎ ማለፍ ችግሩን ማሳነስ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚሳቀቅ ንጽጽር አለ። በአውስትራሊያ ለበረሃ ሽርሽር መኪና የሚያሠራ ሰው ሞላ ሻጩ ዘንድ ሲሄድ፣ የሚጠየቀው ዘወትር የሚጭነው ስንት ኪሎ እንደሆነ ነው፤ የሞላው ካታሎግ ራሱ የተከፋፈለው በዘወትር ጭነት ነው። ባዶ ሄዶ አልፎ አልፎ የሚጭን ከሆነ ከባዱን እንዳይገዛ ይመከራል። ለካምፕ የሚወጣው ሰው ወገብ የታሰበለትን ያህል ለወላድ አልታሰበም።

ለግትሩ ሞላ የሚቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ መንገዱ ነው፤ እውነትም አለው። በጣም የለሰለሰ ሞላ በጉድጓድ ላይ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ ከጎማ ማቆሚያው ጋር ይላተማል፣ ምቱም ከግትሩ የከፋ ይሆናል። ጣሪያው ከፍ ያለ መኪናም በጠመዝማዛ መንገድ ወደ ጎን ያዘነብላል። ግን ክርክሩ የሚያረጋግጠው ሞላው ከጭነቱ ጋር መመጣጠን እንዳለበት እንጂ የመጨረሻው ግትር መመረጥ እንዳለበት አይደለም። ለጎን መዘንበል ራሱን የቻለ ማመጣጠኛ ዘንግ አለ። ለጉድጓድ ደግሞ በቂ የመታጠፊያ ርቀት፣ ጥሩ የጎማ ማቆሚያ ላስቲክና የአሽከርካሪው እግር አሉ። ባሌስትራን የሚሰብረው በአብዛኛው ትርፍ ጭነትና የተደጋገመ መላተም ነው፤ ለትርፍ ጭነት መድኃኒቱ ጣሪያው ላይ መጫኛ አለመግጠም ነው።

«ነገ ዕቃም ይጭን ይሆናል» የሚለው ሁለተኛው መከራከሪያ ራሱን ያጋልጣል። አምቡላንሱ የእህል መኪና እንደሚሆን ኮሚቴው ከወዲሁ ካመነ፣ ችግሩ በሞላ የሚፈታ አይደለም። በርግጥም አንዳንዴ ብዙ ሰው መጫን ግድ ከሆነ፣ ክብደቱ ሲጨምር ብቻ ሥራ የሚጀምር ረዳት ንጣፍ ያለው ባሌስትራ አለ፤ ባዶውን ሲሄድ ለስላሳ፣ ሲጫን ግትር ይሆናል።

ሾክ አብዞርበሩም አይዘነጋ። የሞላው ልክ እጥፍ ከሆነ፣ ውዝዋዜውን በቀድሞው መጠን ለማብረድ የሾኩ አቅም በ1.4 ያህል ማደግ አለበት። ሞላው ተቀይሮ የድሮው ሾክ ከቀረ፣ በሽተኛው የግትሩን ምትም የማይበርደውን ውዝዋዜም አንድ ላይ ይቀበላል።

ማስተካከያው ውድ አይደለም፤ የሚጠይቀው ትዕዛዙን መለወጥ ነው። በውሉ ላይ «ከባድ» የሚለው ቃል ተሰርዞ ቁጥር ይግባ። መኪናው አልጋውና ዕቃው ተገጥሞለት፣ አራት ሰው ተቀምጦበት፣ እያንዳንዱ ጎማ በየራሱ ሚዛን ላይ ይመዘን፤ ሞላው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። አቅራቢው የእያንዳንዱን ሞላ ልክ በኒውተን በሚሊሜትር ጽፎ ይፈርም። የመጨረሻው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት ከኮሚቴው አንድ ሰው በዚያው አልጋ ላይ ተኝቶ ከአስፋልት ውጭ ለአንድ ሰዓት ይነዳ፤ ቢቻል ሊቀመንበሩ።