ጂፑ የእርስዎ ነው፣ መንገዱ ግን የሁላችን

ቨርጂኒያ የምኖረው አጎቴ ቤት ነው። ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ደግሞ አንድ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ጎረቤት አሉን። ጋራዣቸው ውስጥ ያለው ነገር መኪና ሳይሆን ፍቅር ነው ብል አላጋነንኩም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስ ጂፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ከተሠሩት ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ጂፖች አንዱ። የዘመኑን ብሎን ፍለጋ ስንት ወር እንደቆዩ፣ ቀለሙ ልክ እንደ ድሮው እንዲመጣ ስንት ጊዜ አስፍቀው እንዳስቀቡ ሲያወሩ አይሰለቻቸውም። እውነቱን ለመናገር እኔም ሰምቼ አልሰለቸሁም።

ታዲያ እኚህ ሰው ባለፈው ዓመት ለአሜሪካ የነጻነት ቀን ሰልፍ ጂፓቸውን ሊያሳዩ ተነሱ። ተሳቢ ተከራዩ፣ ጂፑን ጫኑ፣ ሁለት ቀበቶ ጣል አደረጉበትና “ነይ፣ ለጽሑፍሽ ይሆንሻል” ብለውኝ ጋቢና ገባሁ። ሆነልኝ!

አውራ ጎዳናው ላይ ቁልቁለቱን ስንጀምር ከኋላችን የሆነ ነገር ግራና ቀኝ ይወዘውዘን ጀመር። መጀመሪያ ነፋስ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን የምንጎትተው ተሳቢ እኛን ይጎትተን ገባ። ጎረቤታችን ደንግጠው ፍሬን ረገጡ፤ ባሰበት። በቀኛችን አንዲት ሴት ልጆቿን ከኋላ ጭና ትነዳ ነበር። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው የአንዱ ሕፃን ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። እግራቸውን ከፍሬኑም ከነዳጁም ሲያነሱ፣ ከብዙ ማቅማማት በኋላ ተሳቢው ተረጋጋና ዳር ያዝን። ሴትየዋ መንገዷን ቀጠለች። እኔ ግን ለሩብ ሰዓት ያህል መናገር አቅቶኝ ነበር።

አጎቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ደውዬለት መጣና ተሳቢውን አንዴ ዞሮ አየው። “አንቺ ልጅ፣ ጂፑ እኮ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ነው የተጫነው” አለኝ። ነገሩ ቀላል ነው። ከተሳቢውና ከጭነቱ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ከፊት፣ መጎተቻው ኳስ ላይ ማረፍ አለበት። ጂፑ ወደ 1,100 ኪሎ፣ ተሳቢው 900 ኪሎ ቢሆን፣ ኳሱ ላይ ከ200 እስከ 300 ኪሎ መውረድ ነበረበት ማለት ነው። ጭነቱ ከተሳቢው ጎማ ኋላ ካዘነበለ ኳሱ ይቀልና ተሳቢው እንደ ፔንዱለም መወዛወዝ ይጀምራል። ፍጥነትና ቁልቁለት ሲጨመርበት ደግሞ ሹፌሩ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን መሪው አይታዘዘውም።

በነገራችን ላይ የድሮ ወታደራዊ መኪና የራሱ ወጥመዶች አሉት። ጂፑ በሠራዊቱ መዝገብ “ሩብ ቶን” ይባላል፤ ሩብ ቶን ግን የሚሸከመው እንጂ የሚመዝነው አይደለም። “ሁለት ተኩል ቶን” የሚባለው ኤም 35 የጭነት መኪና ባዶውን ወደ 6 ቶን ይጠጋል። ስሙን አምኖ ተሳቢ የሚከራይ ሰው ከመነሻው ተሳስቷል። የጂፑ የእጅ ፍሬንም የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ኃይል አስተላላፊውን ዘንግ ነው፤ በእሱ ላይ ተማምኖ መተኛት አይቻልም። ሻንሲውን ብቻ አስረው ቢሄዱ ደግሞ ጂፑ በባሌስትራው ላይ በዘለለ ቁጥር ቀበቶው ይላላል። ስለዚህ የሚታሰረው አክስሉ ወይም ጎማው ነው፤ በአራቱም ማዕዘን፣ ለየብቻው። የቀበቶው ማሸጊያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የመበጠሻው ልክ ነው። ሊታመን የሚገባው በትንሹ የተጻፈው፣ የሥራ ጭነቱ ነው።

ይህን ሁሉ ጎረቤታችን አያውቁም ነበር። አላውቅም ብለው ግን ማን ይከሳቸዋል? አሜሪካ ውስጥ ጎታቹና ተሳቢው በድምሩ 26,000 ፓውንድ፣ ማለትም 11.8 ቶን ገደማ፣ እስካላለፉ ድረስ በአብዛኛው ግዛት የቤት መኪና መንጃ ፈቃድ በቂ ነው። ብሪታንያ እንኳ ከ1997 ወዲህ መንጃ ፈቃድ ላወጡ ሰዎች የነበረውን የተሳቢ ፈተና በታኅሣሥ 2021 (እ.ኤ.አ.) አንስታለች። ምክንያቱ ተሳቢ መጎተት ስለቀለለ አልነበረም። የከባድ መኪና ሹፌር ስለጠፋ ፈታኞቹ ለሌላ ሥራ ተፈለጉ። አጎቴ ግን ሥራው ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ 80 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ቆሞ ጭነቱን የማየት ሕጋዊ ግዴታ አለበት። ሥራው ያልሆነው ሰው ግዴታ የለበትም። ይህ ግልባጭ አይመስላችሁም? ልምድ ያለው ይፈተሻል፣ ልምድ የሌለው “በደህና ይግቡ” ተብሎ ይሸኛል።

“ሕግ በበዛ ቁጥር ይህ ጨዋታ ይሞታል፤ አሮጌ መኪና የሚያስቀምጠው ሀብታም ብቻ ይሆናል” የሚሉ አሉ። ስጋቱ ይገባኛል። ጎረቤታችንም ሀብታም አይደሉም። እኔም አዲስ መንጃ ፈቃድ ይፈጠር አላልኩም። የምለው ይህ ነው፦ ተሳቢ አከራዩ ቁልፍ ከመስጠቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያስተምር። የሰልፍና የትርዒት አዘጋጆች የጂፑን ብሎን ትክክለኛነት ለመመርመር ጊዜ ካላቸው፣ በሩ ላይ ቀበቶውንና የተሳቢውን ጎማ ለማየትም ጊዜ አያጡም። ባለቤቱም ጂፑን ለመጠገን ካፈሰሰው ዓመት ላይ አንድ ቅዳሜ ቀንሶ ባዶ ሜዳ ላይ ይለማመድ። ለታሪክ ክብር አለኝ የሚል ሰው፣ ከጦርነት የተረፈ መኪና ይዞ በሰላም አገር ሰው ሊገድል አይገባም።

እኛ አገር የተሳቢ መኪና ረዳት መኪናው በቆመ ቁጥር ዱላውን ይዞ ወርዶ ጎማውን አንድ በአንድ ሲመታ አይታችሁ ይሆናል። ልጅ ሆኜ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚያዳምጠው ድምፁን ኖሯል።

ዘንድሮ ጎረቤታችን ደግመው ጋበዙኝ። ፈራሁ፣ ግን ሄድኩ። ጂፑ ወደ ፊት ተጠግቶ፣ በአራት ቀበቶ ታስሮ፣ ሰንሰለቶቹ ከመጎተቻው ሥር ተጠላልፈው ነበር። የመጀመሪያው ነዳጅ ማደያ ላይ ቆሙ፣ ወረዱ፣ ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ ነካኩ፣ ሁለቱን አጠበቁ። ቀኝ ረድፍ ይዘን በዝግታ ስንሄድ ከኋላችን የጡሩምባ መዓት ወረደብን።

ይጩሁብን፤ ማንንም ሳናስደነግጥ ደረስን።

ቸር መንገድ!