ዘይት የሚጠጣ ሞተር፦ ይውረድ? ይለወጥ? ወይስ ይቆይ?

በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት የሁለት ልጆች እናት ሥራዋ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየዞረች መንከባከብ ነው። በቀን ሦስት ቤት ትደርሳለች። የመጀመሪያዋ አሮጊት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጠብቋታል፤ በዚያ ሰዓት ወደዚያ ሰፈር የሚሄድ አውቶቡስ ስለሌለ ያለ መኪና ሥራው የለም ማለት ነው። መኪናዋ የ2009 ቶዮታ ካምሪ ናት፤ 171,000 ማይል ሄዳለች። አንድ ማለዳ ከቤልትዌይ ለመውጣት ስትታጠፍ ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። መንገድ ዳር ቆማ ኮፈኑን ከፍታ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ብትመዘው ጫፉ ደረቅ ነው። ዘይት ካስቀየረች ገና ሁለት ወሯ ነበር። መኪናዋ በምትቆምበት ቦታም አንዲት የዘይት ጠብታ አይታ አታውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉዳዩ ቡና ላይ ቀረበ። የአበሻ ቡና ላይ መድኃኒት የማይታዘዝለት በሽታ የለም። አንዱ፣ «ሞተሩን አስወርጂና ፋሻውን አስለውጪ፤ አዲስ ይሆንልሻል» አለ። ሌላው፣ «ምን አደከመሽ፣ ከጃንክ ያርድ ያገለገለ ሞተር አስገቢ» አለ። ሦስተኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሳይታወቅብሽ ሸጠሽ ተገላገዪ እንጂ» አለች። ይህችን መኪና በ2018 የሸጠላት ሰውም እንዲሁ ተመክሮ ይሆናል።

በባንክ ያላት ገንዘብ 4,200 ዶላር ነው። ያም ቢሆን ስም የወጣለት ገንዘብ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ያላየቻትን እናቷን ለገና ልጆቿን ይዛ ለማየት ለአውሮፕላን ቲኬት ያጠራቀመችው። ጋራዦች ደውላ ስትጠይቅ ፒስተንና ፋሻ ለውጦ መልሶ ለመግጠም 3,900 ዶላር፣ ያገለገለ ሞተር ከነመግጠሚያው 3,400 ዶላር በ90 ቀን ዋስትና፣ በፋብሪካ የታደሰ ሞተር ደግሞ 5,800 ዶላር አሏት። መኪናዋ ጤነኛ ሆና ብትሸጥ 3,500 ዶላር ብታወጣ ነው።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ያሳስታል። አዲስ አበባ ላይ መኪና ውድ፣ የመካኒክ ጉልበት ርካሽ ነው። ስለዚህ ሞተር ይወርዳል፣ ሲሊንደሩ ይጠረባል፣ የጠፋው ዕቃ ከሶማሌ ተራ ተፈልጎ ይመጣል፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪናም ሲሠራ ይውላል። አሜሪካ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጋራዡ በሰዓት ከመቶ ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ ሞተር አውርዶ መበተንና መልሶ መግጠም ደግሞ የቀናት ሥራ ነው። «ላሳድሰው» ማለት እዚያ ቁጠባ ነው፤ እዚህ ግን ከመኪናው ዋጋ በላይ መክፈል ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ የሄደችው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ አንድ መካኒክ ዘንድ ነው። ሰውዬው ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ባትሪያቸውን ይዘው ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ሲወጡ፣ «ላውርደው ብል ዛሬ አወርደዋለሁ» አሏት፤ «ግን ዘይቱ በየት በኩል እንደሚሄድ ሳላውቅ ለምን እከፍተዋለሁ?»

ዘይት በብዙ መንገድ ይጠፋል። በጋስኬት በኩል ወደ ውጭ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ሞተር ማውረድ የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው። የሞተሩን ትንፋሽ የሚመልሰው ፒ.ሲ.ቪ. ቫልቭ ከተደፈነ ወይም ከተበላሸም ሞተሩ ዘይት ይስባል፤ ይህች ዕቃ በጥቂት ዶላር ትገዛለች፤ ስንት ሰው እሷን ሳያስመረምር ሞተር አስወርዷል። ሰማያዊ ጭስ ጧት ሲነሣ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ የሚጠረጠረው የቫልቩ ኦይል ሲል ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ ከላይ ብቻ ተከፍቶ ይለወጣል። ነዳጅ ሲረገጥ የሚጨስ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ፋሻው ያመለክታል። ነጭ ሆኖ ጣፋጭ የሚሸት ጭስ ሌላ በሽታ ነው፤ ያ የራዲያተር ውኃ ነው።

መካኒኩ ካንዴላዎቹን ነቅለው ኮምፕሬሽን ለኩ። አራቱም ሲሊንደሮች ደኅናና ተቀራራቢ ሆኑ። ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮምፕሬሽን የሚይዙት ከላይ ያሉት ሁለቱ ፋሻዎች ናቸው። ዘይት የሚጠርገው ሦስተኛው፣ የታችኛው ነው፤ እሱ ተጣብቆ ሳለ መለኪያው «ጤነኛ ነው» ሊል ይችላል። የእሷ ሞተር ደግሞ በዚሁ ይታወቃል። ከ2007 እስከ 2009 በወጡት ባለ 2.4 ሊትር ካምሪዎች ላይ ከዘይት ጠራጊው ፋሻ ጀርባ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው። ጥላሸት ሲደፍናቸው ፋሻው ባለበት ይጣበቃል፤ ዘይቱም ወደ ላይ አልፎ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ቶዮታ በ2011 ለጋራዦቹ መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ በ1,200 ማይል ከአንድ ኳርት በላይ የሚጠጣ ሞተር ፒስተኑና ፋሻው በተሻሻለው እንዲለወጥለት የሚል ነው። ኋላም ለዚሁ ጉድለት ዋስትናውን እስከ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ድረስ አራዘመ። እሷ መኪናዋን ስትገዛ ማይሉ 112,000 ነበር፤ አሥር ዓመቱም አልሞላም። ያኔ ብታውቅ ኖሮ በነፃ ይሠራላት ነበር ማለት ነው። ደብዳቤው ተልኮ ከሆነም የደረሰው ለፊተኛው ባለቤት ይሆናል።

ይህን ካወቁ በኋላ ያገለገለ ሞተር የሚለው ምክር ዋጋው ይወርዳል። ያ ሞተር ከየት ይመጣል? ከሌላ የ2007 ወይም የ2008 ካምሪ ነው። በ3,400 ዶላር ያንኑ በሽታ፣ ያውም ዕድሜው ሳይታወቅ፣ መግዛት ይሆናል። የዚሁ ሞተር ቀደምት ዓይነት፣ ከ2006 በፊት ያለው፣ ደግሞ የቴስታታው ብሎኖች ጥርስ ከብሎኩ እየተነቀለ ያስቸግራል። «ከጃፓን የመጣ፣ ጥቂት ማይል የሄደ» የሚባለውም ቢሆን ማይሉን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይዞ የሚመጣው ስንቱ ነው?

መካኒኩ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሞልተው የማይሉን ቁጥር በወረቀት ጻፉላት። «ሂጂና ሺህ ማይል ነድተሽ ተመለሺ። በመካከሉ በየሁለት መቶ ማይሉ እያየሽ ጨምሪ፤ የጨመርሽውን ጻፊ» አሏት። የሚለካውም መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ነው። አለዚያ ቁጥሩ ይዋሻል።

ስትመለስ ሒሳቡ በ850 ማይል አንድ ኳርት ሆነ። በዓመት 15,000 ማይል ስለምትነዳ ወደ 18 ኳርት ይመጣል። ባለ አምስት ኳርቱ ጀሪካን 25 ዶላር ቢሆን በዓመት አራት ጀሪካን፣ መቶ ዶላር። ለማሠሪያ የተጠየቀችው 3,900 ዶላር የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ዘይት ይገዛል።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነው። ይህ ሞተር የሚይዘው ወደ 4 ኳርት ገደማ ነው። ዘይት በየ5,000 ማይሉ እየቀየረ በመካከሉ ዘንጉን የማይመዝ ሰው በዚህ አጠጣጥ 5,000 ሳይደርስ ሞተሩን ያደርቀዋል። ብዙ ሰው ቀይዋ መብራት ዘይት ሲጎድል የምታስታውስ ይመስለዋል። እሷ የምትናገረው የዘይት ግፊት ሲወድቅ ነው፤ ስትበራ ጊዜው መሽቷል። ሞተርን የሚገድለው ዘይት መጠጣቱ ሳይሆን መድረቁ ነው። ጠጪ ሞተር እየተጠጣለት ዓመታት ይሄዳል፤ የደረቀ ግን አንድ ቀን ከሥር ማንኳኳት ይጀምራል፤ ያኔ ፋሻ ብቻ መለወጥም አያድነውም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አለቻቸው።

«እኔማ 3,900 ዶላርሽን በወሰድኩ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን፣ «ልጄ፣ አሁን አትንኪው። ዘይት ገዝተሽ ከኋላ አስቀምጪ» አሏት።

እስከ መቼ ለሚለው ሰውዬው ምልክት ሰጥተዋታል። አጠጣጡ በ300 ማይል አንድ ኳርት ከደረሰ፣ ከኋላዋ ያለው ሾፌር ሰማያዊ ጭስ ማየት ከጀመረ፣ ካንዴላ እየቆሸሸ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ካመጣ፣ ያኔ ተመልሳ ትመጣለች። ያኔም ቢሆን የሚያስፈራው የዘይቱ ዋጋ አይደለም። የተቃጠለ ዘይት ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ይጎዳል፤ እሱን ማስለወጥ ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ሊያስወጣ ይችላል፤ በዚህ ሰበብ የሞተሩ መብራት በርቶ ከቆየ ደግሞ ሜሪላንድ በየሁለት ዓመቱ የምታደርገውን የጭስ ምርመራ አያልፍም። በጠርሙስ ስለሚሸጠው «የሞተር መድኃኒት» የጠየቀቻቸውን ግን በእጃቸው ገፋ አድርገው አለፉት። የተጣበቀ ፋሻን ቀስ በቀስ የሚያላቅቅ አንዳንድ ነገር አለ፤ ቃል የሚገባለት ግን አይደለም።

መኪናዋ 90,000 ማይል ላይ ብትሆን፣ ካምቢዮዋ ደኅና፣ ቦዲዋም ያልዛገ ቢሆን ምክራቸው ሌላ ይሆን እንደ ነበር ነግረዋታል። ያኔ ሲሊንደሩ ካልተጫረ በተሻሻለው ፒስተንና ፋሻ ማሳደስ ያገለገለ ሞተር ከማስገባት ይሻላል። በፋብሪካ የታደሰውን የሚገዛ ሰው ደግሞ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ ፒስተኑ የተሻሻለው ነው ወይ? ዋስትናውስ የዕቃውን ብቻ ነው ወይስ የእጅ ዋጋውንም ይሸፍናል? ሞተሩ በነፃ ተለውጦ ለማውረጃና ለመግጠሚያ ሁለተኛ የከፈሉ ሰዎች አሉ።

አሁን መኪናዋ ውስጥ፣ ከጓንት ሳጥኑ፣ የማይልና የኳርት ቁጥር የተጻፈበት ደብተር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤንዚን ስትቀዳ ትልቁ ልጇ ዘንጉን መዝዞ ይጠርግና ደግሞ ከትቶ ያወጣል፤ ታናሿ ትጽፋለች። የመጨረሻው መስመር 820 ማይል ይላል። ቲኬቱ ተቆርጧል።